የሌሊቷ ተረኛ

ስለ ሕክምና ድርጅት በተነሣ ቁጥር አብዛኞቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው «ሐኪም አለው ወይ?» ብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። አጥንት ለተሰበረ፣ ምጥ ለጠናባት፣ ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልገው ሰው የሐኪሙ ዕውቀትና እጅ ወሳኝ መሆኑን የሚክድ የለም። የአእምሮ ሕክምናን በተመለከተ ግን ነገሩ በዚህ ጥያቄ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ስፌቱ ተፈትቶ፣ ቁስሉ ደርቆ፣ ሐኪሙን አመስግነው የሚሰናበቱት ዓይነት ሕመም አይደለም። ወራትንና ዓመታትን ይወስዳል፤ ተሻለ ሲሉት ያገረሻል። በሽተኛውም ከሐኪም ፊት የሚቀመጠው በወር ለጥቂት ደቂቃዎች ሲሆን የቀረውን ቀንና ሌሊት ሁሉ የሚያሳልፈው በቤቱ፣ በቤተሰቡ መካከል ነው። ስለዚህ ከፊተኛው ጥያቄ ቀጥሎ «በሽተኛው በቀጠሮው ቀን ቢቀር የሚፈልገው ማን ነው? ሌሊቱንስ የሚጠብቀው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በምኖርባት በሰባታሚት፣ በእድራችን የተደረገ ውይይት ነው። ሰባታሚት ከባሕር ዳር ከተማ ዳር የምትገኝ፣ የገበሬው ማሳና የከተሜው አዲስ ቤት አጥር ለአጥር የሚዋሰኑባት አካባቢ ናት። ጠዋት ጠዋት ባጃጁ ሠራተኛውንና ተማሪውን ጭኖ ወደ ከተማው ሲገሠግሥ፣ አትክልትና እንጨት የተሸከሙ እናቶች ደግሞ በመንገዱ ዳር ዳር በእግራቸው ወደ ገበያ ይሄዳሉ። እኔም ከባጃጁ ተሳፋሪዎች አንዷ ነኝ። የሦስት ልጆች እናት ስሆን በከተማው ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እተዳደራለሁ።

ከአካባቢያችን ተወልደው ኑሯቸውን በሌላ አገር ያደረጉ ጥቂት ሰዎች ለአንድ አነስተኛ የአእምሮ ሕክምና መስጫ የሁለት ዓመት ደመወዝ ለማዋጣት ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ወቅታዊ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተነሣው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልላችን የተከሠተው ግጭት ስንቱን ቤት እንዳስደነገጠ፣ ስንቱን እናት እንቅልፍ እንደነሣ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ሰዎቹም «ማን ይቀጠር የሚለውን እናንተ በቦታው የምትኖሩት ምከሩበት» ስላሉ እድሩ ተሰብስቦ መከረ።

በስብሰባው ላይ ሦስት ሐሳቦች ቀረቡ። አንደኛው ወገን «ገንዘቡ ሳይበታተን አንድ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት የሆነ ሐኪም ይቀጠርበት» አለ። ሁለተኛው ወገን «በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶች ይቀጠሩ፤ ሐኪሙ በወር አንድ ቀን እየመጣ ይመልከት» አለ። ሦስተኛው ወገን ደግሞ «አዲስ ሰው መቅጠር ለምን? በጤና ጣቢያ ያሉት ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሥልጠና ይሰጣቸውና ከሌላው ሥራቸው ጋር ደርበው ይሥሩት፤ ገንዘቡ ለመድኃኒት ይዋል» የሚል ነበር። ሁሉም ለሚለው ነገር በቂ ምክንያት ነበረው። ክርክሩ ሲረዝም ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ምን ትያለሽ? ነገሩ በቤታችሁ የደረሰ ነው» አሉኝ።

በእርግጥም በቤታችን ደርሷል። ታናሽ እኅቴን ሕመሙ የጀመራት የመጀመሪያ ልጅዋን በወለደች በሦስተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ እምቢ አላት። ከዚያ ንግግር ማብዛት፣ ሰው ያልሰማውን መስማት፣ «ልጄን ሊወስዱብኝ መጡ» እያሉ በሩን መጠበቅ ተከተለ። የአራስ ቤት በመሆኑ ገንፎ የሚያገነፋውና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ዘመድ ብዙ ነበር። ከመካከሉ ግን «የአራስ ነገር ነው፣ ያልፋል» የሚል እንጂ ሐኪም ቤት ትሂድ የሚል አልነበረም። ሳያልፍ ሲቀር የሰው ዓይን ነው ተባለ፤ ጠበል ተወሰደች። በመጨረሻ ሆስፒታል ደረስንና መድኃኒት ተጀመረላት። በሁለት ወር ውስጥ ልጅዋን አቅፋ መሳቅ ጀመረች።

ችግሩ የመጣው ከተሻላት በኋላ ነው። እናታችን በየወሩ ሌሊት በ11 ሰዓት ተነሥታ፣ እኅቴን ይዛ፣ ሕፃኑን አዝላ ወረፋ ለመያዝ ትሄዳለች። እንደደረሰች የምታገኘው ሐኪም ያለፈው ወር ሐኪም አይደለም። አዲሱም «ምንድን ነው ያመማት?» ብሎ ከመጀመሪያው ይጠይቃል፤ እናቴ ከመጀመሪያው ትናገራለች፤ ወረቀቱ ይጻፋል፤ ጊዜው ያልቃል። ሐኪሞቹ ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም። በሩ ላይ የተሰለፈው ሰው ብዛት ከዚያ የበለጠ ጊዜ አይሰጣቸውም ነበር። በዚህ ሁኔታ ላይ እናቴ በወባ ታመመችና ሁለት ቀጠሮ አለፈ። እኅቴም መድኃኒቱ አለቀባት። ከሕክምናው ቦታ «ያቺ ልጅ የት ደረሰች?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሕመሙ አገረሸና አንድ ሌሊት ከቤት ወጥታ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ያገኘናት ከጣና ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆች እሳት አንድደውላት፣ ጋቢ ደርበውላት ተቀምጣ ነው። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ በደኅና አስረከቡን።

ከዚያ ወዲህ በሌላ የሕክምና ቦታ አንዲት በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነች ነርስ አገኘን። ይህች ነርስ ስማችንን በመዝገብ፣ የስልክ ቁጥራችንን ደግሞ ከመዝገቡ አጠገብ ጻፈች። በቀጠሮው ቀን ስንቀር በማግሥቱ ትደውላለች። እኅቴ እጅዋ ሲንቀጠቀጥ የመድኃኒቱ ጠባይ መሆኑን አስረድታ ሐኪሙን አማክራ መጠኑን አስተካከለችላት። አንድ ቀን ታዲያ መርፌውን ወግታ ስትጨርስ ወደ እናቴ ዞራ «እማማ፣ እርስዎስ እንቅልፍ ይተኛሉ?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴም ሳቅ ብላ «እኔማ የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ልጄ» አለቻት። እውነቷን ነው። አራት ዓመት ሙሉ መኝታዋን በር ላይ ዘርግታ፣ የበሩን ቁልፍ በመቀነትዋ ቋጥራ ነው የምታድረው። በእነዚያ አራት ዓመታት ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቃት የመጀመሪያዋ ሰው ነርሷ ነበረች።

በስብሰባው ላይም የተናገርኩት ይህንኑ ነው። ሦስቱም የቅጥር ሐሳቦች በወረቀት ሲሠፍሩ በሦስቱም ላይ ያልተጻፈች አንዲት ሠራተኛ አለች። ደመወዝ የላትም፤ ፈቃድ የላትም፤ ተተኪ የላትም። እስዋ የታመመች ዕለት ሕክምናው በሙሉ ይቆማል። እናት ናት፤ ወይም ሚስት፣ ወይም እኅት ናት። ስለዚህ ከሦስቱ ሐሳቦች የትኛው ይሻላል ለማለት መለኪያው የማዕርግ ከፍታ ብቻ መሆን የለበትም። የዚችን ሴት ሸክም የሚያቀልላት የትኛው ነው ብሎ መመርመር ይገባል።

እስቲ ሐሳቦቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

አገራችን ለብዙ ዘመን ለአእምሮ ሕሙማን የነበራት ብቸኛ ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተቋቋመው አማኑኤል ነው። ከጎጃምም ሆነ ከጎንደር የተነሣ በሽተኛ በመኪና ተጭኖ እዚያ ድረስ መሄድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1987 ነርሶችን ለይቶ በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን ተጀመረና የሠለጠኑት ነርሶች ወደ ክፍላተ ሀገር ሆስፒታሎች እየተመደቡ፣ የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ሁሉ ክፍል ከፍተው ማከም ያዙ። ሐኪሞችን በዚህ ሙያ በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ግን ዘግይቶ፣ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በየጊዜው እየመጡ በሚያስተምሩ መምህራን ትብብር ነው። በዚያን ጊዜ 70 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች አሥራ አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ። ዛሬ ቁጥራቸው ጨምሯል። የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎችም የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን በሁለተኛ ዲግሪ ያሠለጥናሉ። ቢሆንም አሁንም ለ100000 ሕዝብ አንድ የአእምሮ ሐኪም አይደርስም፤ ያሉትም በብዛት በትላልቅ ከተሞች ነው። እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ፈለገ ሕይወትንና ጥበበ ግዮንን የመሳሰሉ ትላልቅ ሆስፒታሎች በአቅራቢያችን ስላሉ ከብዙው የአገራችን ሕዝብ እንሻላለን።

እንግዲህ አንድ ሐኪም ብቻ ይቀጠር የሚለውን ሐሳብ እንውሰድ። ሐኪሙ ቢገኝ ደስ ይላል። ነገር ግን በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት ነው የሚሆነው። ሐኪሙ የዓመት ፈቃድ አለው፤ ይታመማል፤ ስብሰባ ይሄዳል፤ የተሻለ ሥራ ሲያገኝም ይለቃል። ሐኪሟ ሴት ብትሆን በሥራ ላይ ያለው ሕግ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል፤ መስጠቱም ትክክል ነው። ይህ መብት በተግባር እንዲከበር ከተፈለገ ግን የሕክምናው ሥራ በአንድ ሰው ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም። ያለዚያ ወይ ሐኪሟ ያለ ዕረፍት ትሠራለች፣ ወይ በሩ ለአራት ወር ይዘጋል። እኛ ሠራተኛ እናቶች ይህን በየመሥሪያ ቤታችን አይተነዋል።

በወር አንድ ቀን የሚመጣ ሐኪምስ? የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና በወረቀት ላይ አሰላሁት። ሐኪሙ በቀን 7 ሰዓት፣ ማለትም 420 ደቂቃ ይሠራል እንበል። ለአዲስ በሽተኛ 45 ደቂቃ፣ ለተመላላሽ 20 ደቂቃ ይሰጣል እንበል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየጊዜው አራት አራት አዲስ ሰዎች ቢቀበልና እነሱም በየወሩ ቢመላለሱ፣ በአምስተኛው ወር ተመላላሾቹ 16 ይሆናሉ፤ ለአዲስ ሰው የሚተርፈው ጊዜ ለሁለት ሰው ብቻ ነው። በሰባተኛው ወር ተመላላሾቹ 19 ሲደርሱ ለአንድ አዲስ ሰው እንኳ የሚበቃ ጊዜ አይቀርም። አንድ ሙሉ ቀበሌ ይጠቅማል የተባለው ሕክምና በሃያ ሰው ተሞላ ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው በወር አንድ ቀን የሚመጣ ሐኪም ተመላላሾችን ሁሉ እኔው ልይ ካለ ክፍሉ እንደሚታፈን ነው። የእሱ ቀን ለከበዱ በሽተኞችና ነርሶችን ለማስተማር ከዋለ ግን በሽተኞቹን ሳምንቱን ሙሉ ነርሶቹ ሊከታተሏቸው ይችላሉ።

ጤና ጣቢያው ደርቦ ይሥራ የሚለው ሦስተኛው ሐሳብ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ተራ ሐሳብ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ስፔሻሊስት ያልሆኑ ጤና ሠራተኞች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ የሚያስችል ፕሮግራም አውጥቷል። አገራችንም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂዋ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ ወስናለች። ከዚህም በላይ ነገሩ በራሳችን አገር ተፈትኗል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በጉራጌ አካባቢ ባሉት በሶዶና በአጎራባች ወረዳዎች ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ከ300 በላይ ሰዎች በዕጣ በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን በጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ጠቅላላ ነርሶችና የጤና መኮንኖች፣ ሌላው ወገን በአእምሮ ሕክምና ነርሶች እንዲታከሙ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት እንዳሳየው በጤና ጣቢያ የታከሙት ሰዎች ሁኔታ ከሌሎቹ አላነሰም። በሶዶ ከአካባቢው የተመለመሉና ለአጭር ጊዜ የሠለጠኑ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ በሽተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን እንዲረዱ በተደረገበት ሌላ ጥናትም በሽተኞቹ ከዓመት በኋላ የዕለት ኑሯቸውን ለመምራት የተሻለ አቅም አግኝተዋል።

ይህ ለእናቶች ታላቅ ዜና ነው። መንገድ ያጥራል። ሌሊት በ11 ሰዓት የምትነሣው እናት ጠዋት በ2 ሰዓት ብትወጣ ትደርሳለች፤ የቀን ሥራዋም አይቀርባትም። ይሁን እንጂ ውጤቱን ስንሰማ ሁኔታውንም አብረን መስማት አለብን። በዚያ ሥልጠና ነበረ፤ ሥልጠናውን የሚከታተል የበላይ ባለሙያ ነበረ። ይህ ሁሉ ሳይሟላ «ደርባችሁ ሥሩ» ብሎ ትእዛዝ ማስተላለፍ ግን ወባውን፣ ክትባቱንና ወሊዱን በአንድ ቀን የምታስተናግደውን ነርስ ሌላ ሸክም ማሸከም ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። በስብሰባው ላይ «የቤት ለቤቱን ሥራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ይሥሩት፤ የሰፈሩ ሴቶችም በበጎ ፈቃድ ያግዟቸው» የሚል ሐሳብ በቀላሉ ተሰነዘረ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመድበው 16 ዓይነት ሥራ ተሰጥቷቸው ነበር። ሽንት ቤት ማስቆፈሩም፣ ክትባቱም፣ የእርግዝና ክትትሉም በእነሱ ትከሻ ላይ ነበር። እነዚህ ሴቶችም ቤት አላቸው፤ ልጅ አላቸው፤ አንዳንዶቹም በቤታቸው የሚያስታምሙት ሰው አላቸው። ሸክሙን ከአንዲት እናት አንሥተን ክፍያም ሆነ ዕረፍት ሳንጨምር በሌላዋ እናት ላይ ብንጭነው ሥራው ተከፋፈለ አይባልም፤ ቦታውን ብቻ ለወጠ።

የሴት ጤና ሠራተኞች እጅ ጠቃሚ አይደለም ማለቴ ግን አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው በሌሎች አገሮች ታይቷል። በፓኪስታን ገጠር የአእምሮ ሐኪም ያልሆኑ የመንደር ሴት ጤና ሠራተኞች በድብርት ለታመሙ ነፍሰ ጡርና አራስ እናቶች እየተመላለሱ የምክር አገልግሎት እንዲሰጡ ሠልጥነው ነበር። ከወሊድ ስድስት ወር በኋላ ሲታይ፣ ይህን ምክር ካገኙት እናቶች በድብርት ውስጥ የነበሩት 23 ከመቶ ሲሆኑ፣ ሥልጠናው ባልተሰጣቸው ሠራተኞች በተጎበኙት ዘንድ 53 ከመቶ ነበሩ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬም እ.ኤ.አ. በ2006 አሥራ አራት አሮጊቶች በጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ሰው ማዳመጥ ጀምረው፣ ሥራው ዛሬ በብዙ አገር የሚታወቅ ሆኗል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። አንድ ሰው በአግባቡ ከሠለጠነ፣ የሚመክረው የበላይ ካገኘና ለድካሙ ዋጋ ከተሰጠው፣ ረጅም ማዕርግ ሳይኖረውም የሌላውን ሰው ጭንቀት ሊያቀል ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ለእድሩ ያቀረብኩት ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ሁለት ነርሶች ይቀጠሩ። ሁለት ያልኩት አንዷ ስትወልድ ወይም ስታርፍ በሩ እንዳይዘጋ ነው። ቢያንስ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ አራስ ሴት በሌሊት የሚመጣባትን ክፉ ሐሳብ ለወንድ ደፍራ አትናገርምና።

ሁለተኛ፣ ሐኪም በወር አንድ ቀን ይምጣ፤ በቀሩት ቀናት ደግሞ ነርሶቹ በስልክ የሚያማክሩት ይሁን። የሚመጣበት ቀን እኩሌታው ለከበዱ በሽተኞች፣ እኩሌታው ነርሶቹንና የጤና ጣቢያውን ሠራተኞች ለማስተማር ይዋል።

ሦስተኛ፣ የቀሩ ሰዎች መዝገብ ይኑር። በቀጠሮው ያልመጣ ሰው በማግሥቱ ይደወልለት፤ በሳምንት ውስጥ ካልመጣ ቤቱ ድረስ ይኬድ። ለዚህም ከአካባቢው አንድ ሰው በደመወዝ ይቀጠር።

አራተኛ፣ መድኃኒት እንዳይቋረጥ ከወዲሁ ሒሳብ ይያዝለት። በዓለም የታወቀ ሐኪም ቢቀመጥም መድኃኒት ቤቱ ባዶ ከሆነ ወረቀት ከመጻፍ አያልፍም።

አምስተኛ፣ በወር አንድ ቀን የአስታማሚዎች ቀን ይባል። በዚያን ቀን የሚጠየቁት እናቶችና እኅቶች ይሁኑ። ሕመሙ ሲያገረሽ የሚታዩትን ምልክቶች፣ የመድኃኒቱን ጠባይ፣ የተቆጣን በሽተኛ በለሰለሰ ቃል ማብረድን ይማሩ። እድሩም ለእነሱ የሌሊት ተራ ያውጣ። ሰው በሞተብን ጊዜ ሦስት ቀን ከሐዘንተኛ ጋር የሚቀመጥ እድር፣ ለታመመ ሰው እናት በወር አንድ ሌሊት እንቅልፍ እንድትተኛ ተራ መግባት ያቅተዋልን? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ።

ሐሳቡ ተቃውሞ አላጣም። አንድ የተከበሩ አዛውንት «ነርስ ለድሃ፣ ሐኪም ለሀብታም ነው እንዴ? እኛስ ሐኪም አይገባንም?» አሉ። ቁጣቸው ተገቢ ነው። ለድሃ የሚበጅ ተብሎ የተናቀ ነገር ሲሰጥ ስንት ጊዜ አይተናል። ሐኪሙን ከሥራው አውጥተን ቢሆን ኖሮ እኔም ከእሳቸው ጋር እቆም ነበር። ነገር ግን ሐኪሙ አለ። የተለወጠው ቦታው ነው፤ ሁሉን በየተራ እንዲያይ ሳይሆን ሁሉን የሚያዩትን እንዲያስተምርና የከበደውን እንዲቀበል ተደረገ። ሕክምናው ከሠለጠነ ባለሙያ እጅ እስካልወጣ ድረስ ድሃው ተናቀ አይባልም። በር የተዘጋበት፣ የሚጠይቀውም ያጣ በሽተኛ ነው የተናቀው።

ከብዙ ክርክር በኋላ በነርሶቹና በሐኪሙ ጉዳይ ስምምነት ላይ ተደረሰ። የሌሊቱንም ተራ ሴቶቹ ብቻ ሳንሆን ወንዶቹም ደግፈውታል። ስምምነት የጠፋው ቤት ለቤት በሚሄደው ሰው ደመወዝ ላይ ነው። «ጉርብትና በደመወዝ ይሆናል ወይ? ሴቶቹ በየተራ ይሂዱ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ በበኩሌ አልተቀበልኩትም። በጉርብትና ቡና ይጠራራሉ፤ አልጋ ላይ የዋለን ሰው ይጠይቃሉ። መዝገብ ይዞ፣ ሳምንት ቆጥሮ፣ በዝናብም በፀሐይም የቀረን በሽተኛ ፈልጎ ማግኘት ግን ሥራ ነው። በነፃ ይሠራ ከተባለም በመጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። ውሳኔው ለሚመጣው ወር ስብሰባ ተላልፏል።

እስከዚያው በየቤታችሁ ይህ ችግር የገጠማችሁ እናቶችና እኅቶች ሆይ፣ ጥቂት ነገር ላሳስባችሁ። ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንባ እንባ ማለት ብዙ ጊዜ በራሱ ያልፋል። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ለጤና ባለሙያ መንገር ያስፈልጋል። አራስዋ እንቅልፍ ጨርሶ ካጣች፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማች፣ ለሕፃኑ ወይም ለራስዋ የሚያሰጋ ነገር ከተናገረች ደግሞ ነገ ሳትሉ በዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ውሰዷት፤ ብቻዋንም አትተዉአት። መድኃኒት የጀመረ ሰው ተሻለኝ ብሎ በገዛ እጁ እንዳያቋርጥ ተከታተሉ። እጅ ቢንቀጠቀጥ፣ ሰውነት ቢገታተር ለሰጠው ባለሙያ ተናገሩ፤ መጠኑ ይስተካከላል። ጠበል የምትወስዱም መድኃኒቱን አታስጥሉ። የነፍስ አባታችን ለእኅቴ «ጠበሉም መድኃኒቱም የአንድ አምላክ ነው» ብለው ሁለቱንም ይዛ እንድትሄድ መክረዋታል። በሽተኛን በሰንሰለት ማሰር ግን አያድንም፤ ሕመሙን ያብሳል እንጂ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና አትደብቁ።

እኅቴ ዛሬ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ለገበያ ታቀርባለች። ያኔ የአራስ ልጅ የነበረው አራተኛ ክፍል ደርሷል። ይህ የተገኘው በአንዲት ነርስ መዝገብ፣ በአንድ ሐኪም ምክርና በእናቴ የዓመታት ንቃት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደመወዝም ፈቃድም አላቸው። ስለዚህ በየአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ የሕክምና መስጫ ሲታሰብ፣ የሠራተኞቹ ዝርዝር ሲነበብ እጃችሁን አውጡና «የሌሊቷ ተረኛ ማን ናት? የምታርፈውስ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካልተሰጣችሁ ዝርዝሩ ገና አላለቀምና ቃለ ጉባዔው ላይ አትፈርሙ።